ሟቹ ምናችን ነው? ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለአንድ ምሽት ክፍል፣ ለዘለቄታው ደግሞ አንድ መደርደሪያ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

ማኅበር አይደለንም። ማኅተም የለንም፣ ሊቀመንበር የለንም፣ የባንክ ሂሳብም የለንም። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አካባቢ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ አንባቢዎች ነን። አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ እንሆናለን። አንዱ ዲሽ ሠሪ ነው። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ ሂሳብ ያስተምራል። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ስጽፍ የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ ይሄኛውንም አንተው ጻፈው ተብያለሁ።

የሚያገናኘን አንድ ሰው ነው። አርተር ሲ. ክላርክ ይባላል። የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲ ነበር። መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ኮሎምቦ፣ ስሪላንካ ውስጥ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። ሙት ዓመቱን በየዓመቱ እናስባለን። የፊታችንን መጋቢት 10 በእናንተ ቤት ልናስበው ፈልገን ነው ይህን የምንጽፈው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ። ሰውየው ከእንግሊዝ ንግሥት የ“ሰር” ማዕረግ የተቀበለ ነው፤ አንቱ ልንለው ይገባ ነበር። ግን ከአሥራ አምስት ዓመታችን ጀምሮ አብሮን ስላለ አፋችን እምቢ አለን። አንተ ነው የምንለው። ይቅርታ ይደረግልን።

ከእናንተ በፊት ሌላ ቢሮ ሄደን ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ሦስት ሆነን ማመልከቻ ይዘን ገባን። የተቀበለችን ልጅ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ይሄ ራሱ ብርቅ ነው። ከዚያ ቀና አለችና፣

“ሟቹ ምናችሁ ነው?” አለችን።

ተያየን።

“ደራሲ ነው” አልናት።

“እሱንማ አየሁት። ዝምድናችሁን ነው የጠየቅኩት።”

“አንባቢዎቹ ነን” አላት የሂሳብ አስተማሪው።

ፎርሙን አዙራ አሳየችን። እውነቷን ነው። የቤተሰብ ቦታ አለው፣ የመሥሪያ ቤት ቦታ አለው፣ የዕድር ቦታ አለው። የአንባቢ ቦታ የለውም። ልትረዳን ፈልጋ “ከዕድሩ ደብዳቤ ብታመጡስ?” አለች። ከየትኛው ዕድር? ከኮሎምቦ? አመስግነን ወጣን። ደረጃውን ስንወርድ ነርሷ ብቻዋን ትስቅ ነበር። እኔ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እውነት ምናችን ነው?

ለነገሩ ይህች ከተማ ዝምድና ሳትጠይቅ ስንቱን ተቀብላለች። ፑሽኪን በስሙ አደባባይ አለው፤ እሱስ ይሁን፣ በቅድመ አያቱ በኩል ደማችን ነው እንላለን። ቸርችልስ? ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ለገሃር ስንወርድ “ቸርችል ጎዳና” የምንለው በእናቱ በኩል የሸዋ ሰው ሆኖ ነው? እኛ ደግሞ ጎዳና አልጠየቅንም። የጠየቅነው ክፍል ነው፣ ለሁለት ሰዓት።

ይሁንና የዝምድናውን ጥያቄ እመልሳለሁ። ለመመለስ ጣሪያ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

ከእናንተ በር ወጥታችሁ ወደ ግንፍሌ በኩል ያሉትን ጣሪያዎች እዩ። ዲሽ ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ዲሽ፣ የግሮሰሪ አናት ላይ ዲሽ። አንዳንዱ ዝጓል፣ አንዳንዱ የልብስ ማስጫ ሆኗል። ናይልሳትን የሚያየው ወደ ምዕራብ አዘንብሏል። ኢትዮሳትን የሚያየው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ሽሮ እንደሚጠብቅ ሳህን ተንጋሏል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው። ሳተላይቶቹ የተደረደሩት ከምድር ወገብ በላይ ስለሆነ፣ ለንደን ላይ ዝቅ ብለው የሚታዩት እኛ ጋ ከፍ ብለው ይታያሉ። የአዲስ አበባ ዲሽ አንገቱን ቀና ማድረግ የሚችለው ለዚህ ነው።

ያ የሳተላይቶች ሰልፍ ስም አለው። የክላርክ ቀበቶ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመሬት ቀረብ ብሎ የሚዞር ሳተላይት ከመሬት ቀድሞ ይሮጣል። በጣም የራቀው ይዘገያል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ግን ከመሬት ጋር እኩል ይዞራል፤ ስለዚህ ከታች ለሚያየው ቆሞ የቀረ ይመስላል። ባይቆምማ ዲሽ ሠሪው ጓደኛችን በየደንበኛው ጣሪያ ላይ ማደር ነበረበት። ያንን ከፍታ ያሰላው የመጀመሪያ ሰው ክላርክ አይደለም። እዚያ ላይ የሬዲዮ መልእክት ማቀበያ ጣቢያ ብናቆም ዓለም በሙሉ ይነጋገራል ብሎ አስልቶ የጻፈው ግን እሱ ነው። የጻፈው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1945፣ “ዋየርለስ ወርልድ” በተባለ የእንግሊዝ የሬዲዮ መጽሔት ላይ ነው። የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ጦርነቱን በአየር ኃይል ውስጥ በራዳር ሥራ ነበር ያሳለፈው። ሦስት ጣቢያዎች በእኩል ርቀት ቢቆሙ ይበቃል አለ። ሰው እየኖረባቸው የሚጠገኑ ጣቢያዎች አድርጎ ነበር ያሰባቸው፤ በእኛ ቋንቋ፣ ሰማይ ላይ የሚያድር ዲሽ ሠሪ። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ የተወነጨፈችው ከዚያ 12 ዓመት ቆይታ ነው። ሐሳቡን ፓተንት አላወጣበትም። በኋላ ራሱ ይቀልድበት ነበር።

ይህንን ነገር ሳነበው ገባኝ ብዬ ነበር። የገባኝ ግን ኢትዮሳት የመጣ ሰሞን ነው። ከተማው በሙሉ ዲሽ ያስዞር ነበር። ዲሽ ሠሪውን ያኔ አላውቀውም፤ ሰፈር ውስጥ ጠይቄ ነው ያስመጣሁት። እሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ድምፃችን ስለማይሰማ ልጄ በሩ ላይ ቆመች።

“መጣ?” ይላል ከላይ።

“መጣ?” ትላለች ልጄ።

“አልመጣም!” እላለሁ።

“አልመጣም!” ትላለች ወደ ላይ።

ቆርቆሮው ይንኳኳል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀይ መስመር 12 ትላለች፣ 30 ትላለች፣ ተመልሳ ዜሮ ትገባለች። “አለፈ! አለፈ! ወደ ኋላ!” “ወደ ኋላ በለው አለ አባዬ!” “ቀስ... ቀስ...” ከዚያ ድንገት መስመሯ አረንጓዴ ሆነች፣ አንድ ዘፋኝ ግማሽ ፊቱ በካሬ በካሬ ተቆራርጦ ብቅ አለ። “መጣ! እንዳትነካው!” ልጄ “እንዳትነካው!” ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

በሩ ላይ የቆመችውን ልጄን አየኋት። እኔና ሰውየው አንሰማማም። እሷ ግን ሁለታችንንም ትሰማለች። ከእኔ ተቀብላ ለእሱ፣ ከእሱ ተቀብላ ለእኔ። ክላርክ የጻፈው ይህንን ነው።

ሰውየው ወርዶ እጁን ሲታጠብ ይህንን ነገርኩት። መደርደሪያ ላይ የነበረውን የክላርክን ፎቶም አሳየሁት። መነጽር ያደረገ፣ ራሰ በራ ሽማግሌ። ትክ ብሎ አየውና “አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ አለቃዬን አላውቀውም ነበር ማለት ነው” አለ። በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፦ ሟቹ የዲሽ ሠሪያችን አለቃ ነው።

የአበበ ቢቂላ ወዳጆችም በዚህ በኩል ይዛመዱታል። ከመሬት ሲታይ እንደቆመ የሚቀር የመጀመሪያው ሳተላይት ሲንኮም 3 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1964 ተወነጨፈ። በጥቅምት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ምስል በእሱ በኩል ፓስፊክን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማራቶኑን ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ነው። ይህንን ባወራን ቁጥር የሂሳብ አስተማሪው ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። እናንተም የምትፈልጉት እሱን ይመስለኛል።

ከሁሉ የምንወደው ስለ ራማ የጻፈውን ልቦለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም በርሜል መሳይ መርከብ ከሌላ ዓለም ይመጣል፤ ፀሐይን ዞሮ ሊያልፍ ነው። ሰዎች ገብተው ያዩታል። ጨለማ ነው። ደረጃ አለው፣ የበረዶ ባሕር አለው፣ ሰው የለውም። የግሪክና የሮም አማልክት ስም ለሰማይ አካላት ተሰጥቶ ስላለቀ ነው ከሕንዶቹ “ራማ” ተብሎ የተሰየመው። እኛ አገር ግን ራማ ሌላ ነው። ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር እያልን ያደግን ነን። የነርሷ እናት መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አግኝተው “ምንድን ነው?” አሉ። “ራማ የሚባል ነው፣ ስለ ሰማይ ነው” ስትላቸው አንስተው ተሳለሙት። ልጅቷ ማስተካከል አልፈለገችም። እኔም አንድ ጊዜ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይኸው መጽሐፍ ሃይማኖት ክፍል ተደርድሮ አግኝቼዋለሁ። የእናንተ አይደለም፣ አትደንግጡ።

የእኛን ቅጂ የገዛነው ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ሰውዬ ነው። የመጨረሻዋ ቅጠል ተቀድዳ ጠፍታለች።

“መጨረሻው የለውም እኮ” አልኩት።

“ለሱ ነው የቀነስኩልህ።”

“መጨረሻውን ከየት ላምጣ?”

“አንተ ጨርሰዋ!” አለኝ።

ጨረስነዋ። ዓመታችንን የበላው ይሄ ነው። መርከቡ መጥቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገረን፣ እንዳላየን ሆኖ ለምን ሄደ? ነርሷ “አምቡላንስ ነው” ትላለች። “ሌላ ቦታ የታመመ አለ። ለኛ ለምን ይቆማል?” አስተማሪው ፈተና ነው ይላል፤ በሩን አንኳኩተን እንደምንገባ ሊያዩ ነው። ዲሽ ሠሪው “ይሄ ሪሲቨሩ ነው፣ ዲሹ ሌላ ጋ ነው” ይላል። እኔ መንገድ ጠፍቶት ነው ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። የጠፋችውን ገጽ ኢንተርኔት ላይ እንዳናይ ተማምለናል። ስልክ በኪስ ባለበት ዘመን ይህንን መሐላ መጠበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣች አጭር ታሪክ ናት። ቲቤት ተራራ ላይ ያሉ መነኮሳት የፈጣሪን ስሞች በሙሉ ጽፎ የመጨረስ ሥራ ይዘዋል። በእጃቸው 15,000 ዓመት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ኮምፒውተር ይከራያሉ፣ በ100 ቀን ሊጨርሱ። ያላነበባችኋት ብዙ ስለሆናችሁ ፍጻሜውን አልነግራችሁም። ይህችን አስተማሪው ወደ አማርኛ መልሷት ለአባቱ አነበበላቸው። አባትየው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አንቀላፍተው መስሎን ነበር። ሲያልቅ፣

“ማነው ይሄ ደብተራ?” አሉ።

“ደብተራ አይደለም አባዬ፣ እንግሊዛዊ ነው። ፈጣሪ መኖሩንም አያምንም።”

“ባያምንም ደብተራ ነው” አሉ። “ስም አስቆጣሪ ሁሉ መጨረሻው ይሄ ነው።”

እኛ ደግሞ ክታብ፣ አስማት፣ ኅቡዕ ስም ሲባል ከሰማን ሰዎች ልጆች ነንና ታሪኩ ባዕድ አልሆነብንም። ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛ ስንሰማው አስፈራን።

“2001” ስለተባለው ሥራውም ልንገራችሁ። ክላርክ ከፊልም ሠሪው ስታንሊ ኩብሪክ ጋር ሆኖ በሠራው ሥራ ነው በዓለም በጣም የታወቀው፤ ፊልሙም መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1968 ወጡ። ርእሱ ላይ ያለው ዓመት 2001 ነው። ፈረንጆቹ ዘመኑ ሲደርስባቸው እንደ ፊልሙ ወደ ጁፒተር የሄደ ሰው አልነበረም፤ ተሳለቁበት። እኛ ግን ያኔ ገና 1993 ላይ ነበርን። ጊዜ ነበረን። መስከረም 1 ቀን 2000 ከተማው በሙሉ ሚሊኒየሙን ሲያከብር፣ እኛ አራት ሰዎች አንድ ጥግ ይዘን “አንድ ዓመት ቀረው” እያልን ስንቀልድ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ክላርክ 90 ሞላው። የልደቱን መልእክት በቪዲዮ ቀርጾ ሦስት ምኞት ተናገረ፦ ከምድር ውጭ ሕይወት ስለመኖሩ ማስረጃ ማየት፣ ዓለም ከነዳጅ ሱስ ወጥቶ ንጹሕ ኃይል መጠቀም፣ ስሪላንካም ዘላቂ ሰላም ማግኘት። ከሥራዎቹ ሁሉ በየትኛው መታወስ እንደሚፈልግም ተናግሮ ነበር። በጸሐፊነቴ ነው አለ። በሳተላይቱ አላለም።

ሦስት ወር ቆይቶ ሞተ። በእኛ አቆጣጠር 2001 ሊገባ ስድስት ወር እንኳ አልቀረም ነበር። የ2001 ደራሲ 2001ን ሳያይ የሞተው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዕለቱ መጋቢት 10 ነው፣ ደገኛው መስቀል የተገኘበት ተብሎ የሚታሰብበት። የነርሷ እናት “ጥሩ ቀን ነው የሄደው” ብለው ነበር።

ሞቱን የሰማን ሳምንት ፒያሳ አንዲት ኬክ ቤት ተገናኘን። ምን እንደሚባል አናውቅም። ዝም ብለን ማኪያቶ አዘዝን። መብራት ሄደ። ባለቤቷ ሻማ ይዛ መጣችና ፊታችንን አይታ፣

“ምነው? ሰው ሞቶባችሁ ነው?” አለች።

“አዎ” አልናት።

“ማን?”

“ክላርክ የሚባል።”

“ጎረቤት?”

“አይ። ደራሲ ነው። ስሪላንካ ነው የሚኖረው።”

ሻማውን አስቀመጠች። “ነፍስ ይማር” አለች። ትንሽ ቆማ፣ “ልጆች ነበሩት?” ብላ ጠየቀች። አልነበሩትም አልናት። ከንፈሯን መጠጠች። ስንወጣ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ለቅሶ ላይ ሒሳብ አይከፈልም አለችን።

ያ ኬክ ቤት ዛሬ የለም። የፒያሳ ቤቶች ሲነሡ አብሮ ተነሥቷል። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አለ፤ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ሴትየዋ የት እንደሄደች ጠይቀን አላገኘናትም። ይህን ካነበበች በክፍያው ጉዳይ አሁንም ዕዳ እንዳለብን ትወቅ።

እንግዲህ የምንጠይቀውን ልንገራችሁ።

መጋቢት 10 ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አንድ ክፍል። ሠላሳ ወንበር ከበቂ በላይ ነው። ማይክ አያስፈልገንም፤ አስተማሪ አለን። ክላርክ ሲቀበር ምንም ዓይነት ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዳይደረግ አዝዞ ስለነበር ጸሎት አይኖርም። ንፍሮ ግን የነርሷ እናት ቀቅላለሁ ብለዋል፣ የሚከለክላቸው አልተገኘም። ምግብ ማስገባት እንደማይቻል ስለገመትን ደጅ ላይ በልተን፣ እጃችንን ታጥበን እንገባለን።

በዚያው ምሽት አንድ ክርክር ልንጨርስም እንፈልጋለን። መቃብሬ ላይ ይጻፍ ብሎ ያዘጋጀው ዐረፍተ ነገር አለ። “አርተር ሲ. ክላርክ እዚህ ዐርፏል። አላደገም፤ ማደጉንም አላቆመም” እንደ ማለት ነው። አማርኛው አስቸግሮናል። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያው “ማደግ” አዋቂ መሆን ነው፣ ሁለተኛው መጨመር ነው። እኛ ጋ ሁለቱም “አደገ” ናቸው። እኔ “ከልጅነቱ አልወጣም፣ ማደጉንም አልተወም” ብዬ ነበር። አስተማሪው “ስድብ አስመሰልከው” አለኝ። አባቱ ደግሞ በቅኔ አደርገዋለሁ ብለው ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ አላደረሱም። ከእናንተ መካከል የሚሞክር ካለ በደስታ እንቀበላለን።

መደርደሪያውን በተመለከተ። አርባ አንድ መጻሕፍት አሉን። አብዛኞቹ የክላርክ ናቸው፣ ሌሎቹ የዘመን ጓደኞቹ። የተቀደደውን ለጥፈናል፣ ጀርባ የሌለውን በካርቶን ሰፍተናል። እነሱን እንሰጣችኋለን። የምንለምነው እንዳይበተኑ ብቻ ነው። ጥግም ቢሆን፣ ታችኛውም ረድፍ ቢሆን፣ “ሳይንሳዊ ልቦለድ” የሚል ጽሑፍ በአማርኛ ይለጠፍበት። ፊዚክስ መሐል አትክተቱብን፣ ተማሪ ፈተና ላይ ጽፎት ይወድቃል። ሃይማኖት ክፍልስ፣ የራማን ነገር ነግሬአችኋለሁ። ታችኛው ረድፍ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብሎ የሚያገኘው እዚያ ነው። በደብተር የመለስናቸው ዘጠኝ አጫጭር ታሪኮችም አሉ። እነሱን አንሰጥም፤ መብቱ የባለመብቶቹ ነው፣ ለራሳችን ማንበቢያ ነው የመለስናቸው። መጥቶ መስማት ለሚፈልግ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እናነባለን።

ባለፈው ክረምት ዲሽ ሠሪው ቦሌ አንድ ደንበኛ ጋ ሊሠራ ሄዶ፣ ሰውየው አገር ሊለቅ ዕቃ ሲያወጣ አገኘው። ከሚጣሉት መጻሕፍት መካከል ራማ ነበረበት። ሙሉውን፣ መጨረሻው ያለው። “ከክፍያዬ ቀንሰህ ይሄን ስጠኝ” ብሎ ተቀበለ። ጣሪያ ላይ እንዳለ፣ እንዳይፈተን፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተሩን ከኪሱ አውጥቶ የመጨረሻዋን ቅጠል ዙሪያዋን አሸጋት። እስከ ዛሬ እንደታሸገች ናት። አምቡላንስም ይሁን ፈተና፣ ሪሲቨርም ይሁን መንገድ የጠፋው፣ መጋቢት 10 ይለያል።

መልሳችሁን በስልክ ብትነግሩን ደስ ይለናል። ቁጥሩን ማመልከቻው ላይ አያይዘናል። የዲሽ ሠሪው ነው፣ ከ11 ሰዓት በፊት ከደወላችሁ ትንሽ አስጠሩት፤ ጣሪያ ላይ ነው የሚሆነው።

ከአክብሮት ጋር
የቅዳሜ አንባቢዎች፣ አራት ኪሎ